የቫርላም ዘይት

ከሪዮኒ ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ በታች፣
ላማራ ላዳዋን እያስጓራች መጣች።
ከባሏ ቀብር ወዲህ መንዳት ጀምራለች፤
አይብ ጭና ገበያ ትመላለሳለች።

«ኑግዛር፣ እስቲ እየው፣ ያንኳኳል ሞተሩ፤
እሱ ሳለ እንዲህ አልነበር ነገሩ።»

ክዳኑን ከፈትኩት። በቫርላም እጅ ጽሕፈት
ተለጥፋ አለች ቁራጭ ወረቀት፦
«ሰማንያ ሁለት ሺ ሲሞላ ይለወጥ»፤
ቆጣሪው ግን አልፎት፣ ዘጠና ሺ ሊረግጥ።

ዘንጉን መዘዝኩና ጠርጌ መልሼ፣
ዳግመኛ ሳወጣው በጣቴ ዳስሼ፣
ሬንጅ ሆኗል። ቃጠሎ ቃጠሎ ይሸታል፤
ከምልክቱ ደግሞ አንድ ጣት ጎሎታል።

«ላማራ፣ ይሄ ዘይት ዛሬውኑ ይፍሰስ።»
ዝም አለች።
«እሱ ነው የሞላው፣ ክዳኑን ያሰረው፤
እጁ ያለበትን በምን አንጀት ላፍስሰው?»

አርባ ዓመት መካኒክ፣ ለዚህ መልስ የለኝም፤
ብሎን እፈታለሁ፤ የሰው ልብ አልፈታም።
ብቻ እንዲህ አልኳት፦

«ዘይት የጠቆረው ስለከፋ አይደለም፤
ሠርቶ ያልቆሸሸ ዘይትማ የለም።
ጥላሸቱን ሁሉ ከብረት ላይ ለቅሞ፣
ግለቱን፣ ፍጭቱን በገላው ተሸክሞ
ነው። ግና አቅሙ ሲያልቅ ብረት ብረት ይበላል፤
ይኸው ‹ይለወጥ› ሲል እሱ ራሱ ጽፏል።»

ከሥር ሳህን ገፍቼ ብሎኑን ስፈታ፣
ጥቁር ክር መሰለ፤ ወረደ በጸጥታ።
ጠብታው እስኪያቆም ዓይኗን ሳትነቅል ቆማ፣
«ማጣሪያውስ?» አለች።
«አዲስ ነው፣ ላማራ።»

ከጆሮዬ እርሳሴን ሳትጠይቅ ነጥቃ፣ በጽሕፈት ጠማማ፣
ከቫርላም ቁጥር ሥር ጻፈች የራሷን፦
ዘጠና ሰባት ሺ።