ከመቶ ሃምሳ ሠላሳ

ስሜ ታዛብ ነው። አባቴ ሲያወጣልኝ
ምኑን እንድታዘብ ሳይነግረኝ ሄደ።
ሐምሌ ዝናብ በማያውቅበት አገር፣ ከሬሆቦት ወዲያ፣
ከሱፍ ማሳው ጥግ ላይ፣ በኪቡትሱ ሜዳ፣
መዝገብና እርሳስ ሰጡኝ፤ በቀን ሃምሳ ሸቀል፣
የሰው ሩጫ እንድቆጥር፣ የሰው ምት፣ የሰው ዕዳ።

ቤዝቦል ነው ጨዋታው። አጎቴ አንድ ቀን መጥቶ
«ዱላውን ሳይ ገና መሰለኝ» አለ፣
«ታዲያ ሰዉ ለምን ቆመ? ሩሯስ የት ገባች?
ከመሮጡ ይልቅ መጠበቁ በዛ።»
ሦስት ሰዓት ተቀምጦ፣ ግማሽ ኪሎ ሱፍ ፈልፍሎ ሄደ።

ሊጉ ከአንድ በጋ አላለፈም።
ካሉት ሁሉ እኔ የማስበው አንዱን ነው፤
ከሸንኮራ አገር የመጣ፣ ኤራስሞ የሚሉት፣
በሁለተኛውና በሦስተኛው መርገጫ መሀል
ጎንበስ ብሎ የሚቆም፣ ጓንቱን በጥርሱ የሚያጠብቅ፣
ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ ጉልበቱ ሁለቴ የተሰፋ፣
ከአራት ሊግ ተሰናብቶ እኛ ዘንድ የደረሰ።

መዝገቤን ልግለጠው።
አርባ አንድ ጨዋታ።
መቶ ሃምሳ ጊዜ ዱላ ይዞ ቆመ፤ ሠላሳ ጊዜ መታ።
ከአጥር ማዶ የጣላት ሁለት፤ አንዷን ከማሳው ውስጥ
ትራክተር ነጂው በመስከረም አገኛት።
አራት መርገጫ ሰረቀ፤ እዚህ ሌባ ይጨበጨብለታል።
ዘጠኝ ስህተት።
ሠላሳ ስምንት ጊዜ ዱላው ነፋስ ገምሶ ተመለሰ።
ቤት የደረሰው ግን ዐሥራ አንድ ጊዜ ብቻ።

የመጨረሻዋ መርገጫ፣ እንደ ግጥሙ፣ ስሟ ቤት ይባላል፤
እንደ ግጥሙም ቤት ያልመታ ጆሮ ይቀየመዋል።
ሦስተኛው ላይ የቀረ ከነላቡ እንዳልተነሳ ነው።
«ዞሮ ዞሮ ከቤት» ያሉት ኤራስሞን ሳያዩ ነው።
ይኸም ግጥም እንደ ሰውዬው ነው፣
አልፎ አልፎ ነው ቤት የሚመታው።

ነሐሴ ማብቂያ። ደመወዝ ከቆመ ሁለት ወሩ።
የሊጉ ባለቤት ስልኩን ዘግቷል፤ ቼኩ ደረቅ ነው ተብሏል።
በመጨረሻው ቀን፣ የመብራቱ ምሰሶ ጥላ ሜዳው ላይ ረዝሞ፣
ሃያ ዘጠኝ ምት ይዞ፣ ለመቶ ሃምሳኛ ጊዜ ቆመ ኤራስሞ።

መታት። አዝግማ የምትንከባለል፣ ሕፃን የሚይዛት ኳስ።
ሦስተኛውን የሚጠብቀው ልጅ እጅ ገብታ
እንደ ሳሙና ሸሸችው፤
ኤራስሞም በዚያ በተሰፋ ጉልበቱ አንደኛው ላይ ደረሰ።

ሕጉ ግልጽ ነው። ይህ የጠባቂው ስህተት እንጂ የመቺው ምት አይደለም።
እኔ «ምት» ብዬ ጻፍኩ።
እርሳሱን አጥብቄ፣ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ።
ምን ታየኝ? እንጃ። የልብም ምት አለ።
ሙሉ ቁጥር ይዞ ይሂድ ብዬ ይሆናል፤
ከመቶ ሃምሳ ሠላሳ፣ ከአምስት አንድ።

ዘንድሮ፣ በስንት ዓመቱ፣
የልብስ ማጠቢያችን ውኃ አልተፋም ብሎ ጠጋኝ ብንጠራ፣
በሩን ያንኳኳው እሱ።
ሆዱ ቀድሞት ገባ።
ፔታህ ቲክቫ አግብቶ ቀርቷል፤ ዕብራይስጡ ከእኔ ይሻላል።
ፓምፑን ፈትቶ የልጄን ካልሲ አወጣ።
እጁን ሳይታጠብ መዝገቡን አመጣሁለት።
ቅባት በነካው ጣት መስመር ለመስመር ወረደ፣
ከመጨረሻዋ ላይ ቆመ።

«ይቺ ስህተት ነበረች» አለ።
«አውቃለሁ።»
«ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ለልጆቼም፣ ለአማቴም፣
ሃያ ዘጠኝ ነው የምላቸው።
ሃያ ዘጠኙን የመታሁት እኔ ነኝ።»

ላጲስ ፈለግሁ። ብፈገፍግ፣ ብፈገፍግ፣
ወረቀቱ ሳሳ እንጂ ጉድጓዷ አልጠፋችም።
ሳቀብኝ። ዕቃውን ሰብስቦ፣ ደረጃውን አንድ አንድ እያለ፣
ጉልበቱን በእጁ ደግፎ ወረደ።

ደረሰኙ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፤
ሁለት መቶ ሰማንያ ሸቀል። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል፦
«በሒሳቡ ስህተት ካለ ይደውሉ።»

ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ።
እስካሁን አልደወልኩም።