ስድስት ቁጥር ትራም

ቦርባላ አለችኝ፣ «ቅዳሜ በሦስት፣
ከሰንሰለት ድልድዩ፣ ካንበሳው ፊት ለፊት።»

ሦስት ሲባል እኔ የማውቀው የማታ፤
ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማ ወልውዬ፣ ወጣሁ በእርጋታ።
ስደርስ ጨልሟል፤ ዳኑብ መብራት ለብሷል፤
ቤተ መንግሥቱ ማዶ እንደ ሙሽራ ተኳኩሏል፤
ጎብኚው ጀርባውን ለውበቱ ሰጥቶ ራሱን ያነሳል።
እሷ ግን በጠራራ መጥታ፣
ቆማ፣ ቆማ፣ ሄዳለች ተቆጥታ።

ያንበሳው አፍ ውስጥ ምላስ የለም አሉ፤
ቀራጩ ረስቶት፣ እያሉ ያማሉ።
እንኳንም ረሳው! ምላስ ቢኖረው
ምን ሊለኝ ነበር፣ ያ ሁሉን ያየው?
«አንተ ሰው፣ ልጅቷ
ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው ጥላህ የሄደችው።»

ስድስት ሰዓት ሙሉ በልማድ ከሰርኩኝ፤
«ይቅርታ» ጻፍኩላት፤ አንብባ ዝም አለችኝ።

ኑርላን ደወለ፤ የአልማቲው ልጅ፣ የዶርም ጓደኛዬ፤
«ቅዳሜ አልሞተም፣ ና!» አለኝ፤ ሄድኩኝ ኮሌታ አስተካክዬ።

የወሰደኝ ቦታ የፈረሰ ቤት ነው፤
እኛ ጋ ቢሆን በቀይ ቀለም ኤክስ ተደርጎበት ነገ የሚናደው።
እዚህ ግን ወረፋ አለው! በሩ ላይ ዘበኛ አለው!
ብስክሌት ከጣሪያው በገመድ ተሰቅሎ፣
በአሮጌ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ አበባ በቅሎ፣
በተሰነጠቀ የገላ ገንዳ ውስጥ
አራት ሰው ተቀምጦ ስለ ፍልስፍና ሲጯጯህ።
ፓሊንካ አቀመሱኝ፤ የኮክ አረቄ ነው፣
ጉሮሮ ላይ እንደ ኬላ ፖሊስ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቀው።
«የሀገርህን ጭፈራ!» አሉና ክብ ሠሩ፤
እኔን! ሰርግ ቤት ጥግ ይዞ የሚያጨበጭበውን! እየጠበቁ ቀሩ።
ኑርላን አዳነኝ፤ የፈረስ ይሁን የፍየል ያልታወቀ ዝላይ ዘለለ፤
የሰው ቢራ ደፋ፤ ሌላ ገዛለት፤
ያንንም ደፋው።

ስንወጣ ዘጠኝ ሆኗል፤ በእነሱ ሦስት፤
ቀጠሮዬ ደረሰ፣ በተሳሳተው ሌሊት።

ኑርላን ላንጎሽ ሊገዛ ተሰለፈ። ግድግዳ ተደገፍኩ፤
ከትከሻዬ በላይ፣ በእብነ በረድ ላይ፣ የተቀረጸ ጣት አየሁ።
መስመር ያመለክታል፤ ውሃው እዚህ ድረስ።
ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ስምንት።
ይሄ ሦስት ወር በቀመር የለካሁት ጨዋ ወንዝ
ለካ እሱም አንድ ሰሞን ሰክሮ
ከተማ ገብቶ አምሽቷል፣ በር ሰብሮ።

የኛ ደቻቱ ቀን ቀን አሸዋ ነው፤
ኳስ ስንጫወትበት፣ ሰው ሲሸጥ ሲገዛበት፣ ማን ወንዝ ነው ያለው?
ነሐሴ፣ አንድ ሌሊት፣ ተነሥቶ መጣ።
ስድስት ዓመቴ ነው። አባቴ ቆርቆሮ ቀዶ
ጣሪያ ላይ አወጣኝ፣ በጨለማው ማዶ
«ረምዚ!» የሚል ድምፅ መጣ፣ ደግሞ መጣ፤
ሦስት ብይ ያበደረኝ ረምዚ ግን አልመጣ።
በኛ ግድግዳ ላይ ጣት አልተቀረጸም፤
በዓመት በዓል ቀለም ይቀባል፤ ቀለም ነገር አያስታውስም።
የስኮላርሺፑ ቅጽ «ውሃ ለምን መረጥክ?» ሲለኝ
«ለሀገር ልማት» ብዬ ነው የሞላሁት።
ረምዚን በየትኛው ሳጥን ልጽፈው?

ፓርላማ ሳላነሣ፣ ቤተ መንግሥት ሳላነሣ
ያቺን ጣት አነሣሁ፣ በደብዛዛው መብራት፤
ለቦርባላ ላክሁት፣ ለምን እንደሁ ሳላውቅ፣ ያለ አንዲት ማብራሪያ ቃላት።

ስድስት ቁጥር ትራም ሌሊት አይተኛም፤
ቢጫ ሆኖ መጣ። ኑርላን ትከሻዬ ላይ አንቀላፋ፣
ኮቱ እርጎ በእርጎ ሆኖ።
ስልኬ በራ፦
«ቆንጆ ጣት ነው። አንተ ግን የቱን ሦስት ነበር የቆጠርከው?»

ከየት ልጀምርላት? ከሰዓቱ? ከአሸዋው?
መውረጃችን አለፈ። ትራሙ መጨረሻው ደርሶ
መዞር አላሻውም፤ ሁለት ፊት ነው ያለው፤ መጣ ተመልሶ።
እኔ ገና እጽፋለሁ፤ ጽፌም እሰርዛለሁ፤
«ብይ» በሷ ቋንቋ ምን እንደሚባል እፈልጋለሁ።