ትርፍ ማንኪያ

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀን ዘጠኝ፣ ማታ አምስት ሰዓት፤
ይኸው ነበር ያን ክረምት የቤታችን ጸሎት።

አባቴ ጓንጉል ጀልባ ነጂ ነበር፤
ከባሕር ዳር ደቅ፣ ከደቅ ጎርጎራ በር።
ማዕበል ተነሥቶ ተሳፋሪው ሲሳል
እሱ መሪውን ይዞ ቆሎ ይቆረጥማል።
አጥንቱ ውስጥ የገባው ማዕበል ግን ሌላ፤
ጋቢውን ነክሶ አደረ፣ ሳይተኛ፣ ሳይበላ።
"ግደሉኝ" ያለ ሌሊት
ወንድሜ ይርዳው ወጥቶ ባጃጁን አስነሣ፤
መሄጃ አልነበረው፤
ጩኸቱን እንዲውጥለት ብቻ ሞተሩ አገሣ።

ሐኪሟ ሜታዶን ጻፈች።
አክስቴ ፈንታነሽ ስሙን ስትሰማ
"ሱስ የጣላቸው ልጆች የሚጠጡት አይደል?" ብላ አማተበች።
አባቴም አፈረ።
መድኃኒት ቤት ያለችው ወለላ ግን ሳቀች፦
"ገመድ ነው" አለችን፤
"የሰጠመ ያወጣል፣ ጀልባም ያስራል፤
አንገት ላይ ሲገባ ነው ነገሩ የሚከፋው።
አባይ ጣናን ሲያቋርጥ አይቀላቀልም ትሉ የለ?
ይሄ አባይ አይደለም። ይቀላቀላል። ይቆያል።
ማስታገሱ ለሰዓታት ነው፣ እሱ ራሱ ለቀናት፤
ሕመሙ ሲመለስ ያለቀ ይመስላችኋል፤
አላለቀም፤ እንደ እምቦጭ
ድምፅ ሳያሰማ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል።
በማንኪያ አይደለም፣ በዚህች ስሪንጅ፤
ቢብስበት እንኳ አትጨምሩ፤ ደውሉልኝ እንጂ።
አረቄ እንዳይቀምስ። የእንቅልፍ ክኒን ከጎረቤት አትበደሩ።
የልቡን ምርመራ በቀጠሮው ቀን አሠሩ።
ቁልፍም ፈልጉለት፤ ሕፃን ካለ ቤታችሁ
ለእሱ ጁስ ነው፤ አንድ ጉንጭ ይበቃል ለልቅሷችሁ።"

ከቆርቆሮ ሣጥኑ ፊሽካውን አውጥቼ ጠርሙሱን አስገባሁ፤
ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርሁ።

በሳምንቱ አባቴ በእግሩ ወደ ሐይቁ ወረደ።
ደንገሉ አጠገብ ተቀምጦ ቆሮሶ በላ፣
እሾኹን ራሱ እየለየ።
"ዛሬ ነፋሱ ከጎርጎራ ነው" አለኝ።
እኔ ነፋሱን አላየሁም፤
ጣቶቹን ነበር የማይ፤ ምንም አልጨበጡም።

አንድ ቀን ቁልፉን ለአክስቴ ትቼ ገበያ ወጣሁ።
ሕመሙ ዞሮ መጣ።
አክስቴ አንጀቷ አይችልም፤ የሻይ ማንኪያ አነሣች፤
አንድ ሰጠች፣ ቆይታ ደግሞ
"ለነፍሴ" ብላ ሌላ ጨመረች።

ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ደስ አለኝ፤
ያ ደስታዬ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።
ያንኮራፋል፤
ታንኳ ድንጋይ ላይ ሲጎተት ዓይነት፣ ረጅም፤
ከዚያ ይቀራል።
ከንፈሩ የመሸበት ውሃ መስሏል።
ቆጠርሁ፤ በደቂቃ ስድስት።
"ጓንጉል!" አልሁት፤ አባዬ ሳልል፣ በስሙ፤
ትከሻውን ናጥሁት።
ይርዳው ባጃጁን አስነሣ፤
ዛሬስ መሄጃ ነበረው።

በመርፌ መለሱት።
ነርሱ ግን "ማርከሻው ቀድሞ ያልቃል፤
መድኃኒቱ ገና አለ፤ እዚሁ ይደር" አለን።
ሁለት ሌሊት አደርን፤ እስትንፋስ እየቆጠርን።
አባቴ ሲነቃ ሕመሙም አብሮት ነቃ፤
መጀመሪያ የጠየቀኝ፦
"መልሕቁን ማነው የሳበው?"
መልስ አልነበረኝም።
አክስቴ በሩ ላይ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች።
ማንም አልተቆጣት፤
በዚያ ማንኪያ ግን ዳግም ሻይ አላማሰልንበትም።

ኅዳር ላይ ሞተ፤ በመድኃኒቱ አይደለም፣ በራሱ ሰዓት፣
ጥርሱን ሳይነክስ፣ ስለ ነፋሱ እያወራ።
ጠርሙሱ ግማሽ ቀረ።
ይርዳው "ጣና ልድፋው" አለ።
"ዓሣው ምን አጠፋ?" አልሁት።
ወለላ ጋ መለስሁት። ለካችው፣ መዘገበችው፤ ፈረምሁ።

ፊሽካው ሣጥኑ ውስጥ ተመልሷል፤
ሣጥኑ አይቆለፍም።
ቁልፉን ግን ከአንገቴ አላወረድሁም፤
ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን
እጄ፣ ሳላዘው፣ ይነካዋል።