ክዳኑን አጥብቀህ ያዝ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፤ ላታኩንጋ ተኝታለች፤
ታርሄሊያ ግን ቦት ጫማዋን በጨለማ ታስራለች።
የጽጌረዳው እርሻ አውቶቡስ አሥር ተኩል ላይ ይመጣል፤
ሁለቴ ክላክስ ያደርግና የቀረ ይቅር ብሎ ይሄዳል።
የፍቅረኞች ቀን ቀርቧል፤ አበባው ጊዜ አይሰጥም፤
ለካስ የሰው ፍቅር ሲበዛ ሠራተኛ ቁርስ አይበላም።

እኔ ሮሴንዶ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በከባድ መኪና
ከቆላ ወደ ደጋ ሙዝ ያመላለስኩ፤
ወገቤ አንድ ማለዳ እንደ አሮጌ ባሌስትራ ቋ አለና
ከመሪው ወደ ምድጃው ተዛወርኩ።

ማንም አላስተማረኝም።
ማለቴ፣ እሷ አስተምራኛለች፤
ጥርሷን እየቦረሸች፣ አፏ አረፋ እንደ ሞላ፣
«አጃውን አስቀድም፤ ውሃው ሳይፈላ!»
ብላኝ ሄዳለች።

ሁለት እፍኝ አጃ፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣
ጥቁር የሸንኮራ ስኳር፣ በቢላ ጀርባ ተፈልጦ፤
በትንሿ ድስት ይማሰላል፣ አረፋው እስኪጠፋ፣
እስኪንተከተክ ወፍሮ፣ ከማማሰያው ተጣብቆ።
ከዚያ ናራንሂያ።
ናራንሂያን ለማያውቅ እንዴት ልንገረው?
ልጣጩ ብርቱካን ነው፤ ውስጡ አረንጓዴ፤ ጠባዩ የሎሚ ነው።
ጸጉርም አለው። የሕፃን ጉንጭ ላይ እንዳለው እንዳይመስላችሁ፤
እንደ አጎቴ ጆሮ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ቸኮልኩ።
የሚንተከተከውን እንዳለ መፍጫው ውስጥ ገለበጥኩ፤
ቁልፉን ስነካ፣
ስንት ዘመን ከሩቅ የምንፈራው ኮቶፓክሲ
እኔ ኩሽና ውስጥ ፈነዳ።
ክዳኑ ጣራ መታ፤ አጃው ግድግዳውን ለበሰ፤
ድመቷ በመስኮት ወጣች፤ ቅንድቤ ላይ ቀረፋ ፈሰሰ፤
ከታች ዶኛ ኦፌልሚና በመጥረጊያ እንጨት
ኮርኒሷን ደበደበች፤
ታርሄሊያ ሳቀች።
ወገቤ ከተሰበረ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።
ባዶ ሆዷን ሄደች፤ ደረጃውን እየሳቀች።
እኔ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስፍቅ ዋልኩ።
የደረቀ አጃ ከሲሚንቶ ይብሳል፤ የፋቀው ያውቀዋል።

አሁን ሰው ሆኛለሁ። ድስቱን አውርጄ እስከ መቶ እቆጥራለሁ፤
(አንዳንዴ ሰባ ላይ እሰርቃለሁ)
ጆጉን ከግማሽ አላሳልፍም፤
ፎጣ አጥፌ ክዳኑ ላይ፣ በፎጣው ላይ መዳፌን፤
ከሥር ሲንቀጠቀጥ ዳገት ላይ እንዳለ ሞተር ነው፤
እሱን ደግሞ አውቀዋለሁ።
«ክዳኑን አጥብቀህ ያዝ!» ትላለች ከጓዳ።
ይዣለሁ።
«አጥብቀህ!»
ኧረ ይዣለሁ፣ አንቺ ሴትዮ!
ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርነው ትዳር ይኸው ነው።

ብርጭቆውን ስሰጣት ቶሎ አትጠጣም።
በሁለት እጇ ታቅፈዋለች። ጓንት አላቸው፤
እሾህ ግን መንገድ አያጣም፤
ጣቶቿ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ቆጥሬ አልጨረስኩም።
እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ሲወጣ ዓይኗን ትጨፍናለች፤
አንድ ጊዜ ፉት፤ ኮምጠጥ ሲላት አንድ ዓይኗን ትከፍታለች።
«ስኳር አንሶታል።» ሁሌም ያንሰዋል፤
ሁሌም ትጨርሰዋለች።

ክላክስ!
የተረፈውን በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱን በሱፍ ካልሲ፤
ወገቤን ረስቼ በደረጃው ቁልቁል፣ ከኋላዋ፤
ሾፌሩ ኔፕታሊ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣
«ዛሬስ ግድግዳው ተረፈ?» አለኝ።
ከኋላው አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ።
ለሁሉም ነግራቸዋለች ማለት ነው።

ተመልሼ ጆጉ ውስጥ ትንሽ ሙቅ ውሃ እጨምራለሁ፤
አናውጬ፣ እጣቢውን ቆሜ እጠጣለሁ፤
የኔ ቁርስ ይቺ ናት። አትከፋም።

እሷ ዛሬ የምትቆርጠው አበባ ባሕር ይሻገራል፤
አንዱ በማላውቀው አገር ለአንዷ ይሰጥና
በሹክሹክታ «እወድሻለሁ» ይላል።
ይበል።
የኔን ዶኛ ኦፌልሚና በየሌሊቱ ትሰማዋለች፤
በመጥረጊያ እንጨትም ትመልስልኛለች።