ሞራ

እዚህ አገር ሴት አስተማሪን «ሞራ» ይሏታል፤
እናቴ የሰማች ዕለት «ልጄን በከብት ስብ ማን ይጠራታል?
ምን አጥፍታ?» ብላ ከደረጃው ሥር ቆመች።
አስረዳኋት፤ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን እንዲህ አለች፦
«በጎረቤት መንደር ሞራ ገላጭ ነበር፣
ከታረደ በግ ሆድ የነገን የሚናገር።
አንቺንስ ማን ይገልጥሻል?»

የግድግዳው ሰዓት ሰባት ተኩል ይላል፣
በእናቴ አቆጣጠር አንድ ተኩል ይሆናል፣
በሁለቱም ዘግይቻለሁ።
የአፉላ ነፋስ ከሸለቆው ትቢያ አዝሎ ገብቷል፤
አንደኛ «ለ» በሱፍ ፍሬ ገለባ ተሞልቷል፤
በየመሳቢያው፣ በየኪሱ፣ በየደብተሩ መሃል
ጥርስ የፈለጠው ቅርፊት እንደ ነጠላ ሰረዝ ይወድቃል።
ኦሪያ እርሳስ ታኝካለች። ዲማ ጫማ ጠፋው፣ ግራው ብቻ።
የኤልያሳፍ ምክንያት እንደ ሁልጊዜው የለው አቻ፦
ደብተሩን ነፋስ ወሰደው።
ሃሌል የወለቀ ጥርሷን በሶፍት ጠቅልላ ሰጠችኝ፣
«እስከ ምሳ ጠብቂልኝ፣ ሞራ» አለችኝ።
ከማርከሮቹ ጎን አኖርኩት፤ ሰሌዳው ላይ «ሺን»ን ጻፍኩ፣
ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሃያ ዓመት እንደለመድኩ።

ማታ የወላጆች ቀን ነው። ወንበሩ ሁሉ የልጅ ወንበር፣
ትልቁ ሰው ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ የሚያፍርበት ወንበር።
ላሪሳ፣ የሒሳብ መምህሯ፣ ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ
አቶ ስጦታውን አስቀመጠች፤ ኤልያሳፍ መሃል ገባ
ቃል ሊሸጥ፣ ቃል ሊገዛ።
«የቤት ሥራ አይሠራም» አለች። «ይተኛል። ይማታል።
ባለፈው ሳምንት በኳስ መስኮት ሰብሯል።»
እጇ አየሩን መታ።
ልጁ ወደ አባቱ ዞረ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፦
«በጣም ጎበዝ ነው ትላለች። መስኮቱ ጋ አስቀምጣኛለች፣
ብርሃን እንዳገኝ አድርጎ።»

እስክሪብቶዬን ነከስኩ። ለእሱ እኔ ሞራ ነኝ፤
አማርኛ እንደምሰማ ረስቶኛል፣ ወይም እኔው አስረሳሁት መሰለኝ።
ትዝ አለኝ ካራቫኑ፣ ዝናብ የሚደበድበው ጣራ፣
አባዬ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ እኔ አስተርጓሚ በተራ።
«ሰባት ቀን ቀርታለች» አለች መምህሯ፤
(መናኸሪያ ተቀምጬ አውቶቡስ ስቆጥር ነበር)
«ሰባተኛ ወጣሁ» አልኩት።
ግንባሬን ሳመኝ። በመንገድ አይስክሬም ገዛልኝ።
እጄ ላይ ቀለጠ፤ አልበላሁትም።

አቶ ስጦታው ዝም አለ። የላሪሳን እጅ አይቶ፣
የልጁን ጆሮ፣ የቀላውን፣ ተመለከተና ቆይቶ፣
«በላት» አለ፣ «ስለምታስተምርህ እግዜር ይስጥልኝ።
የመስታወቱን ግን ከፋይ እኔ ነኝ።
ዋጋውን ሳትቀንስ ትንገረኝ።»
የኤልያሳፍ አፍ ተከፍቶ ቀረ። «ምን አለ?» አለች ላሪሳ።
ልጁ እኔን አየ። ገና አሁን አየኝ።
ተረጎምኩላት። አንድም ቃል አልቀነስኩ፤
«እግዜር ይስጥልኝ»ን ብቻ እንዴት እንደማሻግረው አጣሁ።

ሲወጣ ሰሌዳው ፊት ቆመ፤ ከጧት ያልጠፋች ፊደል፣
ሦስት ጣት ወደ ሰማይ ያነሣች።
«ይቺማ ንጉሡ ሠ ናት» አለኝ። «መቼ ገባች?
በየትኛው አውሮፕላን?»
ሳቅን። ልጁም ሳቀ፣ በፍርሃት።

ሁሉም ሄዱ። ወንበሮቹን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ሰቀልኩ፣
የሱፉን ቅርፊት ጠረግሁ፣ መብራቱ ጋ ስደርስ ቆምኩ፦
ያቺ መምህር፣ በዚያ ዝናብ ቀን፣ አባዬ ቋንቋዋን ስላልሰማ
ሰባት ጣት ዘርግታ ነበር፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ።
አይቷል ማለት ነው።
አይስክሬሙን የገዛልኝ ለወጣሁበት ነው ወይስ ለቀረሁበት?
የምጠይቀው የለም፤ አፈር ቋንቋ የለውም።

ከማርከሮቹ ጎን የሃሌል ጥርስ ተረስታ አድራለች ማለት ነው፣
ከሶፍቱ ጋር ኪሴ ከተትኳት።
ነገ ገና በሩን ሳልከፍት ትጠይቀኛለች።