ቤት መምታት

ሥራዬ ቤት መምታት፤ ከኮቺ እስከ ጅሬን፣
ጭቃ እየረገጥኩኝ፣ ታቅፌ መዝገቤን።
«ውሃ ነው!» እላለሁ። ውሻው ይቀድመኛል፤
ሰው እስኪወጣልኝ በሩ ሥር ያቆመኛል።
ጎደሬውን ገለጥ፣ ክዳኑን ብድግ፣
የቆጣሪውን ፊት ባውራ ጣቴ ጥርግ፤
ቁጥሩን ጽፎ ማለፍ፤ ሌላም ቤት አለና፣
ካፊያው ሳይጠነክር፣ ሳይዘጋ ጎዳና።

ማታም ቤት መምታት ነው፣
ደመወዝ የሌለው።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በቀን አንድ ግጥም፣
ሁለት ስንኝም ይሁን፣ ያምርም አያምርም።

የጀመርኩት በውርርድ ነው።
ነስሩ፣ ቧንቧ ጠጋኙ፣ መፍቻውን በሱሪው እየጠረገ
«አንተ? ወር አትዘልቅም» አለኝ።
በአንድ ኪሎ ሙዝ ተያያዝን።
በሠላሳኛው ቀን ከቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ቁጭ ብለን በላነው፤
ግማሹን እሱ።
በማግስቱ ለምን እንደጻፍኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አብዛኛው አይረባም። ልዋሽ አልፈልግም።
ውሃው ጠፍቶ ሰንብቶ ሊመለስ ሲል
ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ቀድሞ ይሮጣል፤
ቆጣሪውም ሳይለይ ይዞራል፣ ይዞራል።
የሒርማታዋ ወይዘሮ ሰዓዳ መዝጊያውን ይዘው
«የጠጣሁት ነፋስ ነው፤ ለነፋስ አልከፍልም!» አሉኝ።
ይቺን ሰረቅኋት።
የዚያን ሌሊት ገጽ ላይ ደህናዋ መስመር የእሳቸው ናት፤
የቀረው እኔው ያዞርኩት ነፋስ።

ደብተር የምገዛው ከሐጂ ተማም ሱቅ ነበር፣ ባለ ሃምሳ ሉኩን።
«ስንት ተማሪ ነው ቤትህ ያለው?» ሲሉኝ
«አንድ፤ ክፍል የሚደግም» እላቸዋለሁ።
እሳቸው አለፉ። ልጃቸው ሱቁን በስልክ ሽፋን ሞላው፤
ከባንኮኒው ሥር ግን አንድ እስር ደብተር አለችኝ፣ በድሮ ዋጋ።
«አሁንም አላለፈም?» ይለኛል፣ ገንዘቡን ሳይቆጥር።

ልጄ ስትወለድ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር፣
አልነበረኝ ደብተር።
በካርድ ጀርባ ላይ አንዲት ቃል ጻፍኩላት፦
«መጣች»።
ቤት አልመታችም፤
ቤት ሞላች።

እናቴን የቀበርን ዕለት ቀኑን ብቻ ጻፍኩ። ነሐሴ ዐሥራ አንድ።
ከሥሩ ባዶ።
ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ካርታ ሲጫወት፣ ወደ ነስሩ ጆሮ ጠጋ ብዬ
«ተቋረጠ ማለት ነው?» አልኩት።
መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው
«ቆጣሪ ቆሞ ስታገኝ ምን ትመዘግባለህ?»
«ያለፈውን ንባብ።»
«ታዲያስ!»
ሌሊት ተነስቼ የትናንቱን ገለበጥኩ፣ ፊደል ሳልቀይር፦

   «ካልሲ ግዛልኝ አለች፣ እግሬን በረደኝ፤
   ዛሬም ረሳሁት፣ መርካቶ ሳልፍ ዘነበብኝ።
   ነገ እገዛላታለሁ፣ ወፍራሙን፣ ቡኒውን፣
   ተረከዙ ላይ ድርብ የሆነውን።»

ከዚያ ደግሞ ጣሪያው። አንድ ክረምት የሦስት ዓመት ደብተር ላይ አነባ።
ሰማያዊ ቀለም ወለሉ ላይ ወረደ፤
ትርፌ በመወልወያ ጨምቃ፣ ባልዲውን ይዛ
«የት ልድፋው?» አለችኝ።
ስንት ኪዩብ ነበር? ማን አነበበው?
ጓሮ፣ ጎደሬው ሥር ደፋነው።
ጎደሬውም ያው ጎደሬ ነው፤ የተለየ ነገር አላበቀለም።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤቱ ስልክ ሰጠን፤ ፎቶ ማንሳት ብቻ ነው፣
ቁጥሩን እሱ ያነባል።
አውራ ጣቴ ግን አልሰማም፤ ቀድሞ ይጠርጋል።

አሁን ሦስት ሰዓት ነው። መብራት የለም።
ቦዬ በኩል ጋጋኖ አንዴ ጮኾ ዝም።
ከመጋረጃው ወዲያ ልጄ «ጻፍክ?» ትላለች፤
«ልጽፍ ነው» ስላት ታዛጋለች።
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣
እንደ ጉድጓድ ቆጣሪ ገጹ ላይ ጎንበስ ብዬ
ቀኑን ጻፍኩ።
ካልሲዬ ርሷል። መጀመሪያ እሱን ላውልቅ።