ሆዴ ላይ የተጻፈ ሂሳብ

ጠረጴዛ የለንም። ስምንተኛ ወሬ
ጠረጴዛ ሆነኝ፤ ሆዴ ላይ ደብተሬ።
ከጦሳ የወረደው ጭጋግ በር ሲገፋ
እስክሪብቶዬን በትንፋሼ አሞቅኩት፣ ቀለሙ ሲጠፋ።

ነርሷ የነገረችኝን ቀድሜ ጻፍኩት፦
አራት ክንድ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሁለት ሳሙና አልኩት፣
ኮፍያ፣ የእግር ሹራብ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፤
የደሴ ሐምሌ አያፍርም፣ አራስ ቤት ድረስ
ሳያንኳኳ ይገባል።

የዳይፐሩን ዋጋ ሱቅ ጠይቄ ደነገጥኩ፣
ቤት ገብቼ የሰርጌን አንሶላ በስምንት ቀደድኩ።
«ቴርሞስ» ብዬም ጽፌ የድሮውን አየሁት፤
ክዳን ብቻ ነው ያጣው፤ በቡሽ ከደንኩት፣
«ቴርሞስ»ን ፋቅኩት።

ቀጥሎ አማቴ አንሻ ከወረባቦ የላከችው ቃል፦
«ገብሱ ከኔ ነው፤ ቅቤው ከናንተ ይጠበቃል።
አብሽም አትርሺ። ሙክትም በሰባቱ
ካልታረደ ለልጅ፣ ምን ይላል ጎረቤቱ?»

ሌላው ከፒያሳ ነው፣ በመስኮት ያየሁት፣
ባለ አራት ጎማ ጋሪ፣ በሳቅ የሰረዝኩት፤
በሸዋ በር ቁልቁለት ማን ይዞ ያቆመዋል?
እናት ዘወር ሳትል ልጅ ኮምቦልቻ ይደርሳል።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል ያገር ሰው፤
ዕድል የሽንት ጨርቅ ሲያጥብ ያየ ግን ማነው?

ይማም ማታ መጣ፣ ድምፁ ዝጎ፣ ሻክሮ፣
«ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው!» ሲል ከንጋት ጀምሮ፤
በጣቶቹ መሃል በቁመቱ አጥፎ
የያዘውን ብር ፈታ፣ አልጋው ላይ አሰልፎ።
ይኼ የነዳጅ ነው፣ የተራ አስከባሪ፣
ይኼ የባለ መኪናው፣ ይኼ የኛ፣ ቀሪ።
ቀሪው ሳሙናን አልፎ ጨርቁ ላይ ደከመ፣
ቅቤው ጋ ሳይደርስ፣ እንዳረጀ ሚኒባስ፣ ሐረጎ ላይ ቆመ።

ጣሳውን ገለበጥን፣ የሳምቡሳዬን ሳንቲም ደመርን፤
አምስት ሺህ ነው ያለን፤ የሚያስፈልገን
ዘጠኝ ሺህ ከምናምን። «ምናምኑን ተዪው፣
መጀመሪያ፣ ጦይባ» አለኝ፣ «ዘጠኙን እንየው።»

ሙክቱን ገፋነው፤ «በሰባቱ ባይሆን
በሃያ አንድም ይሆናል፤ ብቻ ሰላም ያርገን።»
ለአንሻ ማን ይንገራት? እዚህ ላይ ዝም አልን።

በዚያው ማታ ጥሩወርቅ በጓሮ በር መጥታ፣
ሹራብ፣ ኮፍያ፣ አንቀልባ በዘንቢል ሞልታ፣
«የሦስት ልጆቼ ነው፤ ያንቺም ይልበስና
ሲጠበው መልሺልኝ፤ ስንዱ ታጭታለችና።»
ሦስት መስመር ሰረዝኩ።

ከግርጌ ግን አንድ መስመር፣ በይማም እጅ ጽሑፍ፦
«ለማይታወቀው፣ ሁለት ሺህ።» እንዲህ ያለ ትርፍ
ከየት መጣ? አልኩት። ቅቤ ሳንገዛ
ለማይታወቅ ነገር ይከፈላል ቤዛ?

አልመለሰም ቶሎ። የጫማውን ክር ፈታ።
«እህቴ ሐያት» አለ፣ «ምጥ የያዛት ማታ፣
ለኮንትራት መኪና ስምንት መቶ አሉን፤
በር ለበር ስንለምን ሌሊቱ ነጋብን።»
ከዚያ በላይ አላለም። እኔም አልጠየቅኩም።
ሐያትን በፎቶ እንጂ በአካል አላውቃትም።

ቅቤውን ሰረዝኩት፤ ገንፎውን ዘይት ይብቃው፤
ያን መስመር ግን ከበብኩት፣ እጃችን እንዳይነካው።
አሁንም አራት መቶ ብር ይጎድላል።
ከየት እንደሚመጣ አላህ ያውቃል።

ድምሩን ልጽፍ ስል ከውስጥ አንድ እርግጫ
ደብተሩን አነሳው፤ ቀለሙም መሮጫ
አግኝቶ ተሰመረ ካንዱ ጠርዝ እስከ ማዶ፣
በሙክቱ፣ በቅቤው፣ በጋሪው ላይ ወርዶ።

ይማም ሣቀ፣ ከመጣ ገና አሁን። ጎንበስ አለና፣
የሚኒባስ በር ይመስል ሆዴን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣
«ወራጅ አለ?» አለው፤ ጆሮውን ሰጥቶ ቆየ ለአፍታ፤
«ቆይ፣ ወንድሜ፤ ወይ እህቴ፤ ገና ነው፣ አንድ ፌርማታ።»